ከቤቱ ጋር የተቀባው ፔጆ

«ማየት የሚችል መኪና ቢሆን ለሚስቱ እንተውላት ነበር፤ እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም» ሲባል ፖኩዋ የሰማችው፣ የውሃ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩን በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው። የተናገሩት ናና ድዎሞ ናቸው፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ የወገኑ አለቃ። አባቷ የተቀበረው ዛሬ ጠዋት ነው። የመቃብሩ ቀይ አፈር ከሽማግሌዎቹ ጫማ ላይ ገና አልተራገፈም። ክርኗ አየር ላይ ቀረ። ናና ድዎሞ ቀጠሉ፦ መብራት የሌለው መኪና ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ በኪሎ ይሸጣል፣ ለድንኳኑና ለከበሮ መቺዎቹ የጎደለውን ይሸፍናል፣ እኚህ ወንድማችንም ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎትተው ይወስዱታል። «እኚህ ወንድማችን» የተባለው ብረት ገዢ ነው። ለለቅሶ እንደመጣ ሰው ጥቁር ጨርቁን በአንድ ትከሻው ጥሎ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኑ ግን በመስኮቱ በኩል የፔጆውን ጎማዎች ያያል። የእህታቸው ልጅ ያዶም፣ በወጉ ሟችን የሚወርሰው የእህት ልጅ ነውና ወራሽ ነኝ ብሎ የሚያስበው፣ ለአጎቱ ነገር ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። የአገሩ ሕግ እንዲህ ያለው መኪና የሚስትና የልጆች ነው ይላል። ሕጉ ግን ለቅሶ አልመጣም፤ ቢመጣም ወንበር የሚለቅለት አይገኝም ነበር።

ፖኩዋ በሩን ገፋችው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ በአንድ ጊዜ ስለ ቀብሩ ዝማሬ ማማር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ዘማሪዎቹን አመሰገኑ፣ ናና ድዎሞ ደግሞ እሷን አመሰገኑ፤ አባትሽ ባንቺ ኮርቶ ነው የሞተው አሏት። እሷም እጅ ነስታ ብርጭቆዎቹን አዞረች። ለብረት ገዢው ፀሐይ ላይ ከቆየው ጀሪካን የተቀዳውን ሰጠችው። ሰውዬው ጎንጨት አድርጎ ብርጭቆውን አየው፣ እሷን አያት፣ ከዚያ የለቅሶ ቤት ነውና ዋጠው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። ዘመድ የሚያወራው ሲያጣ እንደሚያደርገው ሁሉም ኮርኒሱን አዩ። ኮርኒሱም ተቀብቷል።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በዚህ ቀለም ነው። ኩማሲ ውስጥ ያልተቀባ ቤት ሬሳ አያወጣም። ሰው እንደሞተ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ ሬሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠብቃል። የእነ ፖኩዋ ቤት ከአጥሩ እስከ ውሃ ታንከሩ በቅቤ ቀለም ተነከረ። ግቢው ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ እስከ ወገቡ ተቀባ፤ የጎረቤት ፍየል ያመለጠችው ፈጣን ስለነበረች ብቻ ነው። ይህን ጊዜ ያዶም፣ ፔጆው ከአስከሬኑ ፊት ቀድሞ የሚሄድ መኪና ነው፣ የዛገ መኪና ካስቀደምን ሰው ምን ይለናል አለ። ቀለም ቀቢው የመኪናውን ውጪ ጥቁር አደረገው። ኮፈኑን ሲከፍት ውስጡ ከውጪው ጋር ለንጽጽር የማይቀርብ ሆኖ አገኘውና የፊት መብራቶቹን ከነሽቦዎቻቸው ፈትቶ፣ ከቤቱ የተረፈውን የቅቤ ቀለም ረጭቶ፣ ሲደርቅ ሁሉንም መልሶ አሠረው። ያዶም ተደስቶ «እንግዳ ኮፈኑን ቢከፍት እንኳ አናፍርም» አለ። ለለቅሶ መጥቶ የሟች መኪና ኮፈን የሚከፍት እንግዳ ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ማታ መኪናው ተነስቶ መብራቱ ሲበራ፣ ሁለቱ አምፖሎች ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ቀላ ብለው ቀሩ።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ገባቸው። ሟቹ ኛንታቺ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ጣቢያ ሹም ሆኖ ለባቡር መብራት ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መብራቱን ካጠፋ ተቀይሟል ማለት ነው። ናና ድዎሞ አረቄ አስመጥተው ኮፈኑ ላይ እያፈሰሱ ወንድማቸውን ጠየቁት። ጨርቁ ነው ያስከፋህ? ዝም። ቦታው ነው? ዝም። «የሬሳ ሣጥኑ ነው እንዴ?» ሲሉ፣ መሪው ላይ ተቀምጦ የነበረው ያዶም እጁ ፍሬቻውን ነካ፤ ሁለቱ የደከሙ መብራቶች ጥቅስ፣ ጥቅስ አሉ። አንዲት አክስት እሪ አለች። በማግስቱ ሣጥኑ ተመልሶ መስታወትና የነሐስ እጀታ ያለው መጣ። የለቅሶው ሒሳብ የጎደለው በዚህ ሣጥን ነው፤ አሁን ፔጆው ለብረት የሚሸጠውም ይህንኑ ጉድለት እንዲሞላ ነው። መብራቱ ግን ከአዲሱ ሣጥን በኋላም ሐሳቡን አልለወጠም።

ፖኩዋ ትሪውን አስቀምጣ ወደ እናቷ ገባች። አፍሪዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ባል የሞተባት ሴት እንደሚገባት ጥቁር ለብሳ፣ ጫማ ሳታደርግ፣ ሳትናገር። በእሷና በሽማግሌዎቹ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። አፍሪዬ ዳቦ ነጋዴ ናት። ጎህ ሳይቀድ ታፎ ካለው ዳቦ ቤት ትኩሱን በፔጆው ጭና የጭነት መኪና ሾፌሮች ከመነሳታቸው በፊት መናኸሪያ ትደርሳለች። ሾፌር ዳቦ የሚገዛው ሲነሳ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጣች ዳቦ ሻጭ የምታገኘው የጎማ አሻራ ብቻ ነው። መብራቱ ከተበላሸ ወዲህ ታክሲ ስትኮናተር ሰንብታ ትርፏን ለታክሲው ነው ያስረከበችው። መኪናው ነገ ከተጎተተ ዳቦውም አብሮ ይጎተታል። ፖኩዋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። እናቷ አየቻት። ከዚያ የጨርቋን ጫፍ ፈታች፤ ውስጡ ያዶም እሱ ኪስ ያለ የሚመስለው የፔጆው ቁልፍ ነበር። ልጇ መዳፍ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«ለእንግዳው ዳቦ ያንሳል» አለች።

ፖኩዋ ዳቦ ላመጣ ነው እያለች በድንኳኑ መሐል አለፈች። ለቅሶተኛ ዳቦ ልታመጣ የምትሄድን ሴት አይከለክልም። ፔጆውን አስነስታ ሱዋሜ፣ የመካኒኮቹ ሰፈር፣ ስትደርስ ግን ጋራዦቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። በአዘቦት ቀን መዶሻና ጩኸት ሰው የማያሳልፍበት መንገድ ላይ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ዶሮ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ የለቅሶ ቀን ነው፣ መካኒክም ዘመድ ይሞትበታል። ከጎማ ሻጮቹ አለፍ ብሎ አንድ ቀይ ኮንቴይነር በር ላይ፣ ጥቁርና ቀይ ጨርቅ እንደ ንጉሥ የተጎናጸፈ ወፍራም ሰው ቁልፍ ሲቆልፍ አገኘች። ከበሩ በላይ «ማስተር ፍሪምፖንግ፣ የመኪና ኤሌትሪክ፣ ሌላው ያቃተው» ተብሎ ተጽፏል።

«እህቴ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ ዞር ሳይል። «ኩማሲ ውስጥ ቅዳሜ መኪና የሚሠራ ወይ ዘመድ የለውም ወይ ፈጣሪውን አያውቅም።»

እሷም ጥቁር መልበሷን አሳየችው፤ ጥቁሩ የአባቷ ሐዘን መሆኑን፣ ነገ መኪናው ለብረት እንደሚሄድ፣ መብራት ካለው ግን ለእናቷ እንደሚተው ነገረችው። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ ፔጆውን አየ፣ ፔጆው አሸነፈ። የጨርቁን ጫፍ ጥርሱ ላይ ነክሶ ኮፈኑን ከፈተ። አምፖል ነው አለ፤ ገና ከሩቅ ሲመጣ አይቶ ማወቁን ጭምር ነገራት። አምፖሎቹን አውጥቶ በቀጥታ ባትሪው ላይ ሲነካቸው እንደ አዲስ ቦግ አሉ። እንግዲያው ፊውዝ ነው አለ፤ ድሮም ያሰበው ፊውዝ ነበር። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። ኃይል የሚያቀብለው ሪሌ ላይ ፈረደ፤ ከተኛ ታክሲ ነቅሎ ሌላ ሰካበት፣ ፍሙ ያው ፍም ነው። ማብሪያውን ፈታ፣ ገጠመ። በእያንዳንዱ ጊዜ መጀመሪያም የጠረጠረው እሱን እንደነበር እየማለ፣ በጨርቁ ጫፍ ላቡን እየጠረገ፣ ሦስት ለቅሶ እንዳለበትና አንዱ የአማቱ እንደሆነ እያስታወሳት። ሽቦ የተቀጠለባትን የመፈተሻ አምፖል አንድ እግሯን የመብራቱ ሶኬት ውስጥ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሲያደርጋት ጥርት ብላ በራች።

ፍሪምፖንግ ተናደደ። «ኃይሉ እዚህ ድረስ መጥቷል እኮ» አለ፣ በር ላይ ቆሞ አልገባም እንዳለ እንግዳ እየወቀሰው። «መጥቶ ምን ይሠራል?»

ፖኩዋ መሪው ላይ ሆና የሚላትን ስታበራ ስታጠፋ ቆይታለች። አሁን ያላላትን ነካች፤ ፍሬቻውን። ፊት ለፊት የኮንቴይነሩ ቆርቆሮ ላይ ሁለቱ የደከሙ መብራቶች ከፍሬቻው ጋር እኩል ሲጣቀሱ አየች። የዚያ ማታው ጥቅሻ ነው። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ነገረችው። ፍሪምፖንግ ቀጥ አለ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ጥቅስ፣ ጥቅስ።

«ይህን ከአንቺ ሌላ ያየ አለ?»

«ሽማግሌዎቹ አይተዋል። አባቴ መስሏቸው የሬሳ ሣጥን ቀየሩ።»

ማስተር ፍሪምፖንግ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቁ ከትከሻው እስኪወርድ ሳቀ። ፖኩዋም ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ሰውዬው ቁም ነገሩን ያዘ። ኃይል ከባትሪ ወጥቶ አምፖሉን አብርቶ መመለስ አለበት አላት፤ የሚመለሰውም በመኪናው ብረት በኩል ነው። የመመለሻው ሽቦ ጫፍ ብረቱ ላይ በብሎን ይታሰራል፣ የፊት መብራቱና የፍሬቻው አንድ ላይ። ያ መንገድ ሲዘጋበት በጎረቤት ግቢ፣ በሌላው አምፖል በኩል ተሹለክልኮ ሊመለስ ይሞክራል፤ ሁሉም ይደክማል፣ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጣቀሳል። ይህን እያለ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወስዶ ከመብራቱ መመለሻ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ወረወረ። ቆርቆሮው ላይ ነጭ ብርሃን ፈነዳ፤ ጥላ ሥር የተኛ ዶሮ ብድግ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ብሎኑን ፈታው። ከብሎኑ ሥር የነበረው ነገር ዛገት አልነበረም፤ ወፍራም፣ የለሰለሰ፣ ያማረ የቅቤ ቀለም ነው። ፍሪምፖንግ በጥፍሩ ጫረውና የቤታችሁ ግድግዳ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቃት። ይኸው ነው አለችው። ቀለም ቀቢያችሁ ጎበዝ ሰው ነው አለ፤ መጀመሪያ ቀብቶ ቀጥሎ ማሰሩ ነው እንጂ። በቢላ ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ብረቱ እንደ ሳንቲም ሲያበራ ሽቦውን መልሶ አጠበቀው። ቁራጩን ሽቦ አነሳ። ፖኩዋ አበራች። ብርሃኑ አልተነቃነቀም። ፍሬቻውን ነካች፤ ፍሬቻው ለብቻው፣ መብራቱ ለብቻው። ሲጣቀሱላት የነበሩት ሁለት ዓይኖች አሁን ቀጥ ብለው ያያሉ።

«ድሮም ቀለም ነው ብዬ ነበር» አለ ማስተር ፍሪምፖንግ።

ደስታዋ የቆየው ኮፈኑ እስኪዘጋ ነው። ናና ድዎሞን ታውቃቸዋለች። መብራቱን ሲያዩ፣ ጎማውስ ይላሉ። በሩስ ይላሉ። «ለሚስቱ እንተውላት ነበር» ያሉት በዝግ ክፍል ነው፤ የሰሙትም ሁሉ የእሳቸው ሰዎች ናቸው። ክፍያውን ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ማስተር፣ ገንዘቡን ከምቀበልህ... ማለቴ ከምትቀበለኝ፣ ለምን በለቅሶው ላይ ስጦታ አታደርገውም? በማይክሮፎን ይነገርልሃል። አባቴን የሚያውቀው ሾፌር ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ እስከ ታፎ ገበያ ይሰማሉ።»

ሰውዬው ጨርቁን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ኮንቴይነሩ ቀይ መሆኑም ይነገር እንደሆነ ጠየቀ። ይነገራል አለችው። ከጎማ ሻጮቹ አለፍ ብሎ መሆኑስ? እሱም። የአማቱን ለቅሶ በልቡ መዘነውና አማቱ ነገም ሙት መሆናቸውን አስቦ ተስማማ።

«ግን ለወገኑ አይደለም የምትሰጠው» አለችው። «ለሚስቱ ነው። ለአፍሪዬ ብለህ ነው የምታስጽፈው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱ ዳቦ ነው» አለች ፖኩዋ።

መንገድ ላይ ዳቦውን ጫኑ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ፔጆው መብራት አብርቶ ሲመጣ አይተው ደጅ ወጡ። ከፊት ማስተር ፍሪምፖንግ ጨርቁን ዘርግቶ ካቻቢቴና ፒንሳውን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ከኋላ ትኩስ ዳቦ እስከ ጣሪያው፤ መኪናው ውስጥ እናቷ ከሥራ ስትመለስ የምትሸተው ሽታ ሞላ። ሰፈር ሲደርሱ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል። ድንኳኑ ውስጥ ስጦታ አስነጋሪው፣ ያ ድምፁ የማይደክመው ቦዲ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ እየለፈፈ ነው። ወጉ እንዲህ ነው፦ ስጦታው ይነገራል፣ የወገኑ ሰው ተነስቶ ሰጪውን ይጨብጣል፣ ያመሰግናል። ከተጨበጠ በኋላ የተሰጠውን ነገር ከተሰጠው ሰው የሚነጥቅ አለቃ፣ በሚቀጥለው ለቅሶው ላይ በባዶ ወንበር ፊት ነው የሚቀብረው። ፖኩዋ ፔጆውን በወንበሮቹ መሐል ባለው መተላለፊያ አስገብታ አቆመችው፣ መብራቱን ግን አላጠፋችም። አምስት መቶ ሰው ፊቱን በእጁ ጋረደ። ሁለቱም ወረዱ፤ ፍሪምፖንግ ቦዲ ጆሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አወራ።

«ከሱዋሜ!» አለ ቦዲ። «ከጎማ ሻጮቹ አለፍ ብሎ፣ ከቀዩ ኮንቴይነር፣ ማስተር ፍሪምፖንግ የመኪና ኤሌትሪክ፣ ሌላው ያቃተው! ለሟች ሚስት ለማዳም አፍሪዬ፣ ለዳቦ ሥራዋ፣ የፔጆውን የፊት መብራት፣ ሁለቱንም፣ ረጅሙንም አጭሩንም!»

ገንዘብ ሲለፈፍ የዋለበት ሕዝብ መብራት ሲሰጥ አይቶ አያውቅም። አጨበጨበ። ዳቦዋን የበሉ ሾፌሮች ተነስተው ቆሙ፣ ውጪ ያለ አንዱ ክላክስ ነፋ፣ ሴቶቹ ነጭ መሐረባቸውን አወዛወዙ። ናና ድዎሞ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ብረት ገዢውን አዩት፤ ብረት ገዢው ሕዝብ ያጨበጨበለት ብረት በኪሎ እንደማይሸጥ ገብቶት ሩዝ የሚታደልበትን ሰልፍ ፍለጋ ሄዷል። ያዶም ኪሱን እየዳበሰ ነው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ፣ መጥተው የፍሪምፖንግን እጅ ጨበጡ። ፍሪምፖንግ ጭብጨባው ሞቅ ስላደረገው «ናና፣ ነገሩ እኮ ቀለም...» ብሎ ሲጀምር ፖኩዋ ጫማውን ረገጠችው። ናና ድዎሞ ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። ሕዝቡን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ እየፈካ መጣ።

«ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ» አሉ። «ሣጥኑን ወዶታል ማለት ነው። እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም። መኪናው የአፍሪዬ ነው፤ ዳቦዋን ትጫንበት።»

ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። ለድንኳኑ የጎደለውን ማን እንደሚሞላ ለመጠየቅ ሰዓቱ አልነበረም። ፖኩዋ ለሣጥኑ የተሰጠውን ምስጋና አልተቃወመችም፤ ሣጥኑም ክብሩም መሬት ውስጥ ነው፣ መኪናው ደጅ ላይ። የፔጆውን ፓራፋንጎ ተደገፈች፤ ብረቱ ሞቃት ነው። እናቷ ከሴቶቹ መሐል፣ ባዶ እግሯን አጣጥፋ፣ ብርሃኑ እግሯ ሥር ድረስ ደርሶ ተቀምጣለች።

ናና ድዎሞ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አደረጉ። «በይ አሁን አጥፊው ልጄ» አሏት፣ «አሳወረን።»

ፖኩዋ እጇን በመስኮት ወደ ማብሪያው ሰደደች።

«ትንሽ ይብራ» አለች እናቷ።